ዝሆኑን ማን መዘነው?

እስቲ በተረት እንጀምር።

አንድ የቻይና መልእክተኛ ወደ ቬትናም ንጉሥ ቤተ መንግሥት ይመጣል። የመጣው ሰላምታ ሊያቀርብ ብቻ አይደለም፣ የአገሩን ሊቃውንት ሊፈትንም ጭምር ነው። ከንጉሡ ሊቃውንት አንዱን ያስጠራና ወንዝ ዳር የቆመ ዝሆን እያሳየው፣ “የሒሳብ አዋቂ ነህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በል እስቲ ይህን መዝንልኝ” ይለዋል። ዝሆን የሚችል ሚዛን ከየት ይመጣል? ሊቁ ግን አልተጨነቀም። ዝሆኑን ጀልባ ላይ አስወጣና ውኃው የጀልባውን ጎን እስከየት እንደነካ ምልክት አደረገበት። ዝሆኑን አወረደ። ከዚያም ጀልባው እስከዚያችው ምልክት እስኪሰምጥ ድረስ ድንጋይ አስጫነበት። ድንጋዮቹን በተራ ሚዛን አንድ በአንድ መዘነና ደመራቸው። አለቀ።

መልእክተኛው ግን በዚህ የሚለቅ ሰው አይደለም። ከአንድ መጽሐፍ አንዲት ቅጠል ገነጠለና ከማስመሪያ ጋር ሰጠው፤ “ውፍረቷን ለካ” አለው። ማስመሪያው ላይ ያለው ትንሹ ክፍል እንኳ ከቅጠሏ ስንት እጥፍ ይወፍራል። ሊቁ ፈገግ አለና መጽሐፉን በሙሉ ተቀበለው፤ አጠቃላይ ውፍረቱን ለካና ለቅጠሎቹ ብዛት አካፈለው።

የሊቁ ስም ሉኦንግ ቴ ቪን ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ቬትናማውያን እስከዛሬ ትምህርት ቤትና መንገድ የሚሰይሙለት ሰው ነው። እኔም ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ሰሞን ማኪያቶ ላይ ለጓደኞቼ እያጋነንኩ አወራሁት። መሐላችን የማያነበው ነገር የሌለ አንድ ልጅ አለ (ሁሉም ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም)፤ ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ “ይህማ የቻይኖች ታሪክ ነው” ብሎ ኩም አደረገኝ። ተጨቃጨቅን። እኔም እልህ ይዞኝ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ውጤቱን ልደብቃችሁ አልችልም፦ ተሸንፌአለሁ። ነገር ግን ሽንፈቱ ወደ ሌላ፣ ከዝሆኑ ወደሚበልጥ ታሪክ መራኝ። የምነግራችሁ ያንን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ከተቃጠለ ቤት በኋላ

ቬትናም ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚመጣልን ጦርነቱ ነው፤ ሆ ቺ ሚን፣ ሄሊኮፕተር፣ የአሜሪካ ፊልም። ከዚያ ወደኋላ 500 ዓመት መሄድ ትንሽ ይከብዳል። ለማንኛውም ጊዜውን ለማስታወስ እንዲረዳን፣ ሉኦንግ ቴ ቪን በ1441 ሲወለድ እኛ ዘንድ በዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው።

ያን ጊዜ አገሩ ዳይ ቪየት ይባል ነበር፣ “ታላቁ ቪየት” እንደማለት። በ1407 የቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት አገሩን ወርሮ እንደ አንድ ክፍለ ሀገር ያስተዳድረው ጀመር። ወረራው የአፈር ብቻ አልነበረም። የሚንጉ ንጉሥ ዮንግለ የአገሬው ሰው የጻፋቸው መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ በድንጋይ የተቀረጹ ጽሑፎች እንዲሰባበሩ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። በ1418 ሌ ሎይ የሚባል ባለርስት ከተራራማው አካባቢ ተነስቶ አመፀ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ ውጊያ በኋላ ቻይኖች ወጡና እሱ በ1428 ነገሠ።

የሒሳብ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፈ አንድም የቬትናም የሒሳብ መጽሐፍ ለእኛ አልደረሰም። አልነበረም ማለት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ዜና መዋዕል በ1077 የመንግሥት ጸሐፊዎች በጽሕፈት፣ በሒሳብና በሕግ እንደተፈተኑ ይናገራል። ፈተና ካለ የሚያጠኑት ነገር ነበራ! ስለዚህ ሉኦንግ ቴ ቪን “የመጀመሪያው የቬትናም ሒሳብ ሊቅ” ሲባል ስትሰሙ፣ ከእሱ በፊት ስማቸው ከመጽሐፋቸው ጋር አመድ የሆነ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ልብ በሉ።

ልጁ የተወለደው ከሃኖይ በስተደቡብ፣ በቀይ ወንዝ ደልዳላ ምድር፣ በናም ዲን አካባቢ ካኦ ሁኦንግ በምትባል መንደር ነው። ዓይን እስኪደክም የሩዝ ማሳ ያለበት፣ ማሳው በአፈር ግድብ የተከፋፈለ፣ ውኃው ደግሞ ሁሉ ቦታ የሚገባበት አገር ነው። ስለ ልጅነቱ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ኳክ ዲን ባኦ የሚባል፣ በንባብ የታወቀ ሌላ ወጣት የቪንን ዝና ሰምቶ ከትልቁ ፈተና በፊት ሊያየው ወደ መንደሩ ሄደ አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ኩራዝ አብርቶ ሲያነብ አገኘዋለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር። ቪንን ያገኘው ግን ሜዳ ላይ ካይት ሲያበር ነው። ኳክ ዲን ባኦ በዚያች ሰዓት ተስፋ ቆረጠ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ የሁለቱ ወጣቶች የፈተና ውጤት ግን እውነተኛ ነው፦ በ1463 ሉኦንግ ቴ ቪን አንደኛ፣ ኳክ ዲን ባኦ ሦስተኛ።

44 ሰዎች

ፈተናው እንዲህ የዋዛ ፈተና እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ በየክፍለ ሀገሩ፣ ከዚያ በዋና ከተማው፣ በመጨረሻም በቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሡ ራሱ ጥያቄ በሚያወጣበት ፈተና ይታለፋል። ጽሑፉ ሁሉ በቻይንኛ ፊደል ነው። የሚጠየቀው የኮንፉሺየስ ትምህርት፣ ግጥም፣ የአዋጅ አጻጻፍና የመንግሥት ጉዳይ ነው። በ1463 ያለፉት 44 ናቸው። የአንደኛው ማዕረግ “ትራንግ ንጉየን” ይባላል፤ በቬትናም የፈተና ታሪክ በሙሉ፣ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ፣ ይህን ማዕረግ ያገኙት ሰዎች 50 አይሞሉም።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። በዚህ ሁሉ ፈተና ውስጥ ሒሳብ የለም። ሒሳብ የጸሐፊዎች ሥራ ነበር፤ ግብር የሚመዘግቡ፣ እህል የሚሰፍሩ፣ ማሳ የሚለኩ የታች ሠራተኞች ሙያ። ፈተናውም ለብቻው ነበር። በ1506 በዋና ከተማው ለጽሕፈትና ለሒሳብ ፈተና ከ30 ሺህ በላይ ሰው እንደቀረበና 1,500 ገደማ እንዳለፉ የአገሪቱ ዜና መዋዕል መዝግቧል። እንግዲህ ከላይ ግጥም የሚገጥሙ ጥቂት ሊቃውንት፣ ከታች መሬት የሚቀልዱ ብዙ ጸሐፊዎች፤ በመሐላቸው ሰፊ ገደል አለ ማለት ነው። የሉኦንግ ቴ ቪን እንግዳነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከላይኞቹ የላይኛው ሆኖ ሳለ፣ የታችኞቹን መጽሐፍ ጻፈ።

“ዳይ ታን ቶአን ፋፕ” ይባላል፤ በግርድፉ “የሒሳብ ዘዴዎች ታላቅ ስብስብ” እንደማለት ነው። ማባዛትና ማካፈል፣ ሥር ማውጣት፣ የተለያየ ቅርፅ ያለው ማሳ ስፋት፣ የመለኪያ መስፈርቶች ... ሁሉም ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። በእጅ ጽሑፍ የደረሱን ቅጂዎች ዘግይተው የተገለበጡ ናቸው፤ አሌክሴይ ቮልኮቭን የመሰሉ የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪዎች መርምረዋቸዋል። ይዘታቸው ከቻይና የሒሳብ መጻሕፍት ጋር በብርቱ የተሳሰረ ነው፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ምን ያህሉ የራሱ የቪን እጅ ነው የሚለውም አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ደግሞ አባከስ የሚባለውን፣ በዘንግ ላይ የተሰካውን መቁጠሪያ የፈለሰፈው እሱ ነው ይላሉ። ይህንን እንኳ ተዉት፤ ቻይኖች ከእሱ በፊት ነበራቸው።

ታዲያ አንድ ቅኔ የሚዘርፍ የቤተ መንግሥት ሰው ከመሬት ልኬት ጋር ምን አገናኘው?

መልሱ ያለው ንጉሡ ዘንድ ነው። ሌ ታን ቶንግ በ1442 የተወለደ፣ ከቪን በአንድ ዓመት የሚያንስ፣ በ18 ዓመቱ በ1460 ነግሦ እስከ 1497 የገዛ ንጉሥ ነው። ሁሉን ነገር መቁጠርና መመዝገብ የሚወድ ሰው ነበር። ሕዝቡን አስቆጠረ፣ ሕግ አስጻፈ፣ አገሩን በካርታ አስነሣ፣ በ1471 ደቡቡን የቻምፓ መንግሥት ሰበረ። በ1477 ደግሞ የመንደር የወል መሬት በየስድስት ዓመቱ እየተለካ ለነዋሪው እንደ ደረጃው እንዲከፋፈል ደነገገ።

በየስድስት ዓመቱ! ይህ ማለት በየመንደሩ፣ በየስድስት ዓመቱ፣ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ማሳ ለማሳ መዞር አለበት። ከዚያም የለካውን እኩል ላልሆነ ድርሻ ማከፋፈል አለበት። እስቲ እኔ ከራሴ አንድ ምሳሌ ላምጣ። መንደሪቱ 100 ማው መሬት አላት እንበል (ማው የእነሱ የመሬት መለኪያ ነው፤ በሰሜን ቬትናም በኋላ ዘመን የተወሰነው ልክ 3,600 ካሬ ሜትር ነው)። 2 ሹማምንት፣ 10 ወታደሮችና 20 ገበሬዎች አሉ። ሹሙ 5 እጅ፣ ወታደሩ 3 እጅ፣ ገበሬው 2 እጅ ይውሰድ ተባለ። እጆቹ ሲደመሩ 10 እና 30 እና 40፣ በድምሩ 80 ይሆናሉ። መቶውን ለሰማንያ ስታካፍሉት ለአንድ እጅ አንድ ማው ከሩብ ይደርሳል። ስለዚህ ሹም 6.25፣ ወታደር 3.75፣ ገበሬ 2.5 ማው። ካልኩሌተር ላለን ለእኛ ጨዋታ ነው። ጸሐፊው ከተሳሳተ (ወይም መሳሳት ከፈለገ) ግን የገበሬው ቤተሰብ ለስድስት ዓመት የሚራበው በዚያች ስሕተት ነው።

ማካፈሉ እንኳ ይቅር፣ ልኬቱ ራሱ ወጥመድ አለው። የሩዝ ማሳ እንደ ደብተር ቀጥ ያለ አይደለም። ከባቢሎን እስከ ቻይና ጥንታውያን መሬት ቆጣሪዎች ለአራት ማዕዘን ማሳ አንዲት ቀላል ቀመር ነበረቻቸው፦ ትይዩ ጎኖችን ደምረህ ለሁለት አካፍል፣ የቀሩትን ሁለት ጎኖችም እንዲሁ፣ ከዚያ አባዛ። ቀላል ናት፤ ግን ማሳው ቀጥ ያለ ካልሆነ ሁልጊዜ ታበዛለች፣ አታሳንስም። ጎኖቹ 50 እና 40 ርምጃ ሆነው አንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ የሆነ ዘመም ያለ ማሳ ውሰዱ። በቀመሯ 2,000 ካሬ ርምጃ ይወጣል። እውነተኛው ግን 1,732 ነው። ገበሬው በሌለው መሬት ላይ ግብር ሊከፍል ነው እኮ! ለእያንዳንዱ ቅርፅ የየራሱን ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ በእንዲህ ያለ አገር የመደርደሪያ ጌጥ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ካላነሳሁ ነገሩ ይጎድላል። በ1463 ካለፉት 44 ሰዎች አንዱ ቩ ሂዩ ይባላል። እሱም የሒሳብ መጽሐፍ በስሙ ይታወቅለታል፤ የመሬት ልኬት ያለበት። የዋና ከተማው በሮች ሲታደሱ ስንት ጡብ እንደሚያስፈልግ አስልቶ ስንዝር እንኳ እንዳልሳተ ይተረክለታል። ሒሳብ ከማይጠየቅበት ፈተና፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት የሒሳብ ሰዎች! ዘመኑ ራሱ ልኬት የተጠማ ዘመን ስለነበር ይመስለኛል።

ወደ ዝሆኑ እንመለስ

አሁን ሽንፈቴን በዝርዝር ልናዘዝ። የዝሆኑ ታሪክ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው “የሦስቱ መንግሥታት መዛግብት” በተባለው የቻይና ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ዝሆኑን የሚመዝነው ጻኦ ቾንግ ነው፤ የታላቁ የጦር መሪ የጻኦ ጻኦ ልጅ፣ በ208 ገና በልጅነቱ የሞተ። ጀልባው ያው ነው፣ ምልክቱም ያው ነው። ሉኦንግ ቴ ቪን ሊወለድ ከ1,200 ዓመት በላይ ይቀራል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቸን ዪንኬ የተባለው ስመ ጥር የቻይና ታሪክ ተመራማሪ፣ የጻኦ ቾንግም ታሪክ ቢሆን ከሕንድ የመጣ የቡድሂስቶች ተረት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ያው የዝሆን ጀልባ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቻይንኛ በተተረጎመ የሕንድ መጽሐፍ ውስጥ አለና። ዝሆኑ እንግዲህ ከሕንድ ወደ ቻይና፣ ከቻይና ወደ ቬትናም ሲሻገር የኖረ መንገደኛ ነው።

ስለ ቪን ልጅነት የሚወራ ሌላም ታሪክ አለ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ፍሬ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባባቸው እሱ ውኃ ሞልቶ አስንሳፍፎ አወጣው ይላል። ይህም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው ቻይናዊ ባለሥልጣን ስለ ወን ያንቦ የሚነገር ነው። የመልእክተኛውንም ስም ልጨምርላችሁ። ቬትናሞች በተረቱ ውስጥ ቹ ሂ ይሉታል፤ ይህ ስም በቬትናምኛ ሲነበብ በ1200 ከሞተው ከታላቁ የቻይና ፈላስፋ ከዡ ሺ ስም ጋር አንድ ነው። ሰውየው መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ማለት ነው!

በነገራችን ላይ ዘዴው ራሱ በተግባር ያን ያህል የተዋጣለት አይደለም። የጀልባው ወገብ 20 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 3 ቶን የሚመዝን ዝሆን የሚያሰምጠው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በምልክቱ ላይ የአንድ ሴንቲ ሜትር ስሕተት 200 ኪሎ ነው። ዝሆኑ አንዴ ከተነቃነቀ ወይም ወንዙ ትንሽ ከተናወጠ በሬ የሚያህል ነገር ጠፋ። ጓደኛዬ ይህንን ሲሰማ “አሁን ደግሞ በቅናት ነው” ብሎኛል።

ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ተረቶቹ የቻይና ከሆኑ፣ የቬትናም ሕዝብ ለምን ከ50 ከማይሞሉት ትራንግ ንጉየኖች መሐል ለዚህ ሰው ሰጣቸው? ሌሎቹም እኮ ሊቃውንት ናቸው። መልሱ ያለው በቅጽል ስሙ ይመስለኛል። ሕዝቡ “ትራንግ ሉኦንግ” ይለዋል። እኛ “ገና” የሚለውን ቃል ስናጠብቀውና ስናላላው ትርጉሙ እንደሚለወጠው፣ በቬትናምኛም የድምፅ ቅላጼ ትርጉም ይለውጣል። የቤተሰብ ስሙን “ሉኦንግ”ን ዝቅ በሚል ቅላጼ ሲጠሩት “መለካት” ይሆናል። “ሊቀ ለካው” እንደማለት። ቤተ መንግሥቱ ስለ ግጥሙ ሸለመው፤ ገበሬው ግን ስለ ገመዱ አስታወሰው። ከዚያ በኋላ መለካት የሚችል ብልህ ሰው ያለበት ተረት ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ እሱ ቤት ገብቶ ቁጭ አለ። መልእክተኛውን ደግሞ ቻይናዊ ማድረጋቸው አያስገርምም፤ መጻሕፍታቸውን ያቃጠለባቸው ሚንግ ከወጣ ገና ስንት ዓመቱ ነው?

ከተረቱ ጀርባ

የሰውየው እውነተኛ ድፍረት ግን ተረቶቹ ውስጥ የለም። ሌላ ቦታ ነው።

ሉኦንግ ቴ ቪን ከ30 ዓመት በላይ በቤተ መንግሥት አገልግሏል። በሃን ላም፣ ማለትም በንጉሡ የሊቃውንት ጉባኤ ውስጥ ነበር፤ ወደ ቻይና የሚላኩ ደብዳቤዎችን ያረቅቅ ነበር። ንጉሡ በ1495 “ታኦ ዳን” የተባለውን የ28 ገጣሚያን ማኅበር ሲያቋቁምም አንዱ እሱ ነበር፤ እዚያ የተሰጠው ማዕረግ ቃል በቃል “ጠራጊ” ማለት ነው፤ የግጥሙን መድረክ የሚያጸዳ። ከንጉሥ አጠገብ የሚኖር ሰው፣ ሁሉ የተሟላለት ሰው።

አሁን ሌላ ዓመት አስታውሱ፦ 1462። እሱ አንደኛ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት የፈተና ደንብ ወጣ። ደንቡ ለፈተና የማይቀርቡትን ይዘረዝራል፤ ከአመፀኞች ጋር አብረው የተዘረዘሩት የተዋንያንና የዘፋኞች ቤተሰቦች ናቸው። “ቼኦ” የሚባለው የመንደር ቴአትር ተጫዋች ልጅ ከሆንክ የፈለከውን ያህል ብታነብ በሩ ዝግ ነው። ዘፋኝ በገበሬው ዘንድ የሚወደድ፣ በሹሙ ዘንድ የሚናቅ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ “አዝማሪ” የሚለው ቃል ስንት ዘመን እንደ ስድብ ያገለገለ ነው።

ይህ ትራንግ ንጉየን ምን አደረገ? ስለ ቴአትር መጽሐፍ ጻፈ። “ሂ ፉኦንግ ፋ ሉክ” ይባላል። ስለ ተዋንያን፣ ስለ ዘፈንና ጭፈራ አጨዋወታቸው የሚናገር፣ በቬትናም በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚታወቁት ጽሑፎች ቀደምት የሆነ። አስቡት እስቲ፤ በሕግ ከፈተና የተባረሩትን ሰዎች ሙያ፣ በፈተናው አንደኛ የወጣው ሰው ብዕር ሲያነሳለት። ደንቡን አልተቃወመም፤ ቢያንስ እንዲህ የሚል የደረሰን ነገር የለም። ግን ሊቃውንቱ የማያዩትን ነገር አየና የሚጻፍለት ነገር ነው አለ።

ደንቡም ቢሆን ዋጋ አስከፍሏል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1572፣ ዳኦ ዱይ ቱ የሚባል የዘፋኝ ልጅ ተወለደ። ሊቅ ነው፣ ግን በአባቱ ምክንያት ፈተና ተከለከለ። አገሩ በሰሜንና በደቡብ ጌቶች በተከፈለ ጊዜ ወደ ደቡብ ሄዶ ለንጉየን ጌቶች አደረ፤ በ1630 እና በ1631 ያሠራላቸው ግንቦች የሰሜኑን ጦር ለአሥርተ ዓመታት አላሳልፍ አሉት። ሰሜኖች ግንቡ ሥር ቆመው የአባቱን ሙያ አስታውሰውት ይሆን?

ሁለተኛው ድፍረት ሃይማኖት ነው። የሌ ታን ቶንግ ቤተ መንግሥት የኮንፉሺየስ ቤት ነበር። ቡድሂዝም የመንደሩ፣ የሴቶችና የመነኮሳት ነገር ተደርጎ ወደ ጎን ተገፍቶ ነበር። ሉኦንግ ቴ ቪን ግን ለቡድሂስቶች የማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። ይህንን ይቅር አላሉትም። በዚያ ሥርዓት አንድ ሊቅ ከሞተ በኋላ የሚያገኘው ትልቁ ክብር በሥነ ጽሑፍ መቅደሱ ውስጥ ከኮንፉሺየስ ጋር መታሰብ ነው፤ እሱ ይህን ክብር ያጣው በዚያ መጽሐፉ ምክንያት እንደሆነ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ጽፈዋል።

ሦስቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ለመሬት ቆጣሪ፣ አንዱ ለተዋናይ፣ አንዱ ለመነኩሴ። ሦስቱም በዚያ ዘመን አንድ ትራንግ ንጉየን አጎንብሶ ያያቸዋል ተብለው የሚጠበቁ ሰዎች አይደሉም።

በ1496 ሞተ፤ 55 ዓመቱ ነበር። ንጉሡ ራሱ የኀዘን ግጥም ጻፈለት። በዓመቱ፣ በ1497 መጀመሪያ ላይ፣ ንጉሡም ተከተለው።

ሃኖይ ውስጥ ቫን ሚዩ የሚባል ግቢ አለ፤ በ1070 የተመሠረተው የሥነ ጽሑፍ መቅደስ ያ ነው። በግቢው 82 የድንጋይ ሰሌዳዎች በድንጋይ ዔሊዎች ጀርባ ላይ ቆመዋል፤ ከ1442 እስከ 1779 በተደረጉ ፈተናዎች ያለፉት ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ የዓለም ትውስታ ብሎ መዝግቧቸዋል። ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ ዕድል ይሰጠናል ብለው የዔሊዎቹን ራስ እያሻሹ ስላስቸገሩ አሁን በአጥር ተከልለዋል። የ1463ቱ ሰሌዳ በ1484 የቆመ ሲሆን ዛሬም አለ። የሉኦንግ ቴ ቪን ስም ከላይ ነው፤ ኳክ ዲን ባኦ ሦስተኛ፤ ቩ ሂዩም በዚያው ድንጋይ ላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከግቢው አልፋችሁ ኮንፉሺየስ ወዳለበት አዳራሽ ስትገቡ ግን ስሙን አታገኙትም። እሱ ከውጭ ነው፣ ዔሊዋ ላይ።